በፊተኛው መስመር የቆመው ዳኛ

ከወንበር የማይነሣ አንድ ሰው ነበረ።

ታሪኩን እንዲህ ብለው የጀመሩት መምህር ልሳኑ ናቸው። አርባ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት ግን እስካሁን አልለመዱም። ያን ቀን የጠየቀቻቸው እናኑ ትባላለች፤ ድሮ ተማሪያቸው ነበረች። በተማረችበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር ቆይታ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ርእሰ መምህርት ሆና ተሾማለች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤታቸው መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ የማላውቀውን ሥራ ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ልማረው? ወይስ ሳልዋረድ በጊዜ ልተወው?» አለቻቸው። እሳቸውም ስለ ትምህርት ቤት አንድ ቃል ሳያነሡ ይህን ነገሯት።

ሰውዬው ዳኛ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እርሱ ወደ ችሎት ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ እርሱ ይቀመጣል። ከአልጋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ችሎት። ጡረታ ሲወጣ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው፤ የቤቱ ይበልጥ ይመቻል።

አንድ ቀን ድካም ድካም ቢለው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። የምርመራውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አለችው። «ሦስት ወር እንሞክር። አመጋገብዎን ያስተካክሉ፤ በሳምንት አራት ቀን ደግሞ እስኪያልብዎ ይንቀሳቀሱ። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።»

ዳኛው የፈራው መድኃኒቱን አይደለም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን አጥቷል። የሐኪም ቤቱን ደረጃ የወረደው ጫማዎቹን እያየ ነው።

በዚያ ከተማ በወጣቶች ማእከል ግቢ ውስጥ ማለዳ ማለዳ የቡድን ስፖርት ይሠራል። አርባ የሚሆን ሰው በመስመር ይቆማል፤ ፊሽካ ያንጠለጠለ አሠልጣኝ ከፊት ሆኖ ያዛል፤ ሙዚቃው እስከ ገበያው ይሰማል። ዝለሉ ሲባል ይዘለላል፤ ተኙ ሲባል ይተኛል፤ ተነሡ ሲባል የተነሣው ሰው ሳያርፍ እንደገና ይዘላል። አንድ ሰዓት እንዲህ ነው። ዳኛው ይህን ከጎረቤት ሰምቶ አዲስ ቱታ ገዛ፤ ሚስቱ ቱታውን ተኩሳለት ሄደ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ ነገር ተደረገ። ከበሩ ብቅ ሲል የሚያውቁት ሰዎች አዩት።

«ኧረ ክቡር ዳኛ! ወደ ፊት ይለፉ እንጂ!»

«የለም፣ የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል» አለ።

«እርስዎ ከኋላ ሊቆሙ? እኛ እያለን?»

«በሞቴ!» አለ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ክንዱን ይዞ።

ሦስት ጊዜ እንቢ አለ፤ ሦስት ጊዜ ተጎተተ። እንቢ ማለቱም መጎተቱም ወግ ነው፤ ነገሩ በምን እንደሚያልቅ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። በሰርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ዳኛው ደስ እያለው ከፊተኛው መስመር መሐል ቆመ። በሰርግ ቤት ፊት የተቀመጠ ሰው ይበላል፤ እዚህ ፊት የቆመ ሰው ይዘላል። ልዩነቱን ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ከኋላ የቆመ ሰው ከፊቱ ያለውን ጀርባ አይቶ ይከተላል። ዳኛው ግን የሚያየው ጀርባ አልነበረውም። የሚያየው አሠልጣኙን ነው፤ አሠልጣኙ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ስለሚሠራ የእርሱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው። ስለዚህ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዳኛው ወደ ግራ ሄደ። ከእርሱ ኋላ የቆሙትም ጀርባውን አምነው ወደ ግራ ሄዱና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጋጩ። ይቅርታ የተጠያየቁት የተጋጩት ናቸው። ለእርሱ፣ «በርቱ፣ ክቡር ዳኛ!» አሉት።

ደክሞኛል ብሎ መቆምም አልቻለም። ከኋላው ሰማንያ ዓይን አለ። ቢቀመጥ የሚቀመጠው ሰውየው ሳይሆን ዳኝነቱ መሰለው። አሠልጣኙ ሃያ ሲል ሃያ፣ አርባ ሲል አርባ ለመዝለል ተነሣ። በአሥራ ሰባተኛው ዓይኑ ጨለመ፤ በጨለማው ውስጥም ጥቂት ዘለለ።

ቤቱ ሲደርስ የበሩን ደረጃ በእግሩ መውጣት አቃተው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ተቀምጦ፣ በመቀመጫው አንድ አንድ ደረጃ እያለ ወጣው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ሰውዬ፣ ይኼን ሰውነት ልታድነው ነው የምትሄደው ወይስ ልትገድለው?»

«ሐኪም ያዘዘው ነው።»

«ሐኪሟ ያልብህ አለች እንጂ ተዝካርህ ይውጣ አላለችም።»

ብዙ ቀን ተኛ፤ ትንሽ ሲሻለው ሄደ። እንደገና ወደ ፊት ተባለ፤ እንደገና እንቢ አለ፤ እንደገና ተጎተተ። እንደገና ዓይኑ ጨለመ፤ እንደገና ተኛ። በሳምንት አራት ቀን የታዘዘው ሰው በሦስት ሳምንት አራት ቀን ሠራ።

አሠልጣኙ ይህን ሁሉ ያያል። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ሰውየው ሲዘል በእግሩ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጉልበቱ ለምን እንደሚያመው፣ የት ላይ ማቆም እንደነበረበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶታል። ነገር ግን ዳኛን ተሳስተሃል ማለት በምን በኩል ይጀመራል? ዳኛ ተሳስቷል የሚባለው በይግባኝ ነው፤ የስፖርት ሜዳ ደግሞ ይግባኝ ሰሚ የለውም። ስለዚህ አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፋ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዳኛው ተቀምጦ ነገሩን መዘነ። ብቻዬን በእግሬ ብሄድስ ብሎ አሰበ። ራሱን ግን ያውቀዋል፤ ብቻውን የወጣ ቀን ከደጁ ሳይርቅ ደመና አይቶ ይመለሳል። ፊት እየቆመ ከቀጠለ ደግሞ ከስኳሩ በፊት ልቡ እንደሚቆም ጠረጠረ። ሲቸግረው ለመተው ወሰነ፤ የሚተወው ግን በወጉ ነው። ደብዳቤ ጻፈ። እንደ ልማዱ ቀንና ቁጥር አደረገበት፤ «ጉዳዩ፦ ከማለዳ ስፖርት ስለ መሰናበት» ብሎ ከሥሩ አሰመረበት፤ በምክንያትነትም «ከጤናዬ ሁኔታ የተነሣ» የሚል አስገባ። ስፖርቱን የጀመረውም ከጤናው ሁኔታ የተነሣ መሆኑ ሲጽፍ አልታየውም።

ደብዳቤውን ሊሰጥ የሄደ ቀን አረፈደ። ስፖርቱ ተጀምሯል፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ይዘላል፤ ወደ ፊት የሚለው ሰው አልነበረም። እስኪያልቅ ልጠብቅ ብሎ በመጨረሻው መስመር ጥግ፣ ከግንቡ ሥር ቆመ። አጠገቡ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ከቀሚሷ በላይ የልጇን የኳስ ማሊያ ደርባ፣ ወገቧን በነጠላ አስራለች። የችሎት ደጃፍ ረግጣ ስለማታውቅ ዳኛውንም አታውቀውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ሲኒማ መሰለህ?» አለችው።

«ጉዳይ አለኝ። አሠልጣኙን እየጠበቅሁ ነው።»

«ጉዳይህ ይደርሳል። እግርህን አንሣ።»

«መዝለል አልችልም።»

«ዝለል ማን አለህ? እኔ ስዘል አየኸኝ?»

ዳኛው ደህና አድርጎ አያት። እውነትም አትዘልም። ሌላው ሲዘል እሷ በቆመችበት ትረግጣለች። ሌላው አርባ ሲቆጥር እሷ ሃያ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች፤ ከፕላስቲክ ጠርሙሷ ውሃ ትጎነጫለች፤ ሲላት ትቀጥላለች። ሌላው መሬት ላይ ፑሽ አፕ ሲሠራ እሷ እጇን ግንቡ ላይ አድርጋ ግንቡን ትገፋለች። አጠገቧ ያሉትም እንደዚሁ ናቸው። መጨረሻው መስመር ከፊተኛው የተለየ አገር ነበር።

«እዚህ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አላት።

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«እስካሁን አልዘለልሽም?»

«መጀመሪያ ሰሞን ዘልዬ ነበር፤ ጉልበቴ ሳምንት አስተኛኝ። ከዚያ ወዲህ የሚዘሉትን እያየሁ እረግጣለሁ። ከእኔ ጋር ከጀመሩት የዘለሉት ሁሉ ቀሩ። እኔ ይኸው አለሁ።» ወዲያው በአገጯ ወደ ፊት አመለከተችው። «ያንን ቀይ ሹራብ ታየዋለህ? የእሱን ጀርባ ተከተል፤ አይሳሳትም። የአሠልጣኙን እጅ ተወው፤ ግራ ያጋባል።»

ቀይ ሹራብ የለበሰው አንድ ግንበኛ ነበር። ዳኛው በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ጀርባ አገኘ። ግንበኛው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ ሄደ። ግንበኛው ሲዘል ረገጠ። ሲደክመው ቆመ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ትንፋሹ ሲመለስለት እንደገና ረገጠ። ሰዓቱ ሲያልቅ ላብ ጀርባውን አርሶታል፤ ዓይኑ ግን አልጨለመም። ኪሱ ውስጥ ያለው ደብዳቤም ርሷል። ሳይሰጠው ወደ ቤቱ ሄደ፤ ደረጃውን በእግሩ ወጣ።

ሚስቱ አይታው ግራ ገባት። «ምነው፣ ዛሬ አልሠራህም እንዴ?»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። በማግስቱ ግን ዳኛው በሰዓቱ ደረሰ፤ በሰዓቱ የደረሰ ሰው ደግሞ ይታያል።

«ክቡር ዳኛ! ትናንት የት ጠፍተው ነው? ኧረ ወደ ፊት!»

«ዛሬ ከኋላ ልቁም።»

«አይሆንም!»

«እውነቴን ነው።»

«ይኼ ትሕትናዎ እኮ ነው እኛን የሚገድለን!» አለ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ክንዱን እንደያዘ።

ችግሩ ምን እንደሆነ ለዳኛው ያን ጊዜ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ እንቢ ሲል እሺ ማለቱ ነበር። አሁን እንቢ ማለቱ እንቢ መሆኑን የሚያውቅለት ሰው አላገኘም። ድምፁን ባጠነከረ ቁጥር ትሕትናው ይበልጥ ተደነቀለት። አንዱ ከፊት ሳበው፤ አንዱ ከኋላ ገፋው፤ ፊተኛው መስመር መሐል ላይ፣ እዚያችው የለመዳት ቦታ ላይ አቆሙት። አሠልጣኙ ፊሽካውን ወደ አፉ አቀረበ።

ዳኛው ዞረ። ለአሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ አርባውን ሰው ፊት ለፊት አየ። ፍርድ ሲያነብ በሚናገርበት ድምፅ፣ «እኔ ይህን ሥራ አላውቅም» አለ።

ሰዉ ሳቀ። «ኧረ ክቡር ዳኛ፣ እንዲህ አይበሉ!»

«አልቀለድሁም» አለ። ሳቁ ቆመ። «አራት ቀን እዚህ ቆሜያለሁ፤ አንዱንም ቀን በትክክል አልሠራሁም። ወዴት እንደምዞር አላውቅም። አሥራ ሰባት ስዘል ዓይኔ ይጨልማል። ከኋላዬ የተጋጫችሁት በእኔ ጥፋት ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የያዘኝ በሽታ የወንድሜን እግር ያስቆረጠው ነው፤ የቀረኝ ሁለት ወር ነው። ከዚህ ቦታ ላይ ሆኜ አልማርም። ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ የሚያውቅ ያስተምረኝ።»

ይህን ብሎ በሰዎቹ መሐል አልፎ ወደ ግንቡ ሄደ። መንገድ ለቀቁለት። ያን ቀን በርቱ ያለው የለም።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ቆሞ አሰበና እርሱም ከፊተኛው መስመር ወጥቶ ተከተለው። ለካ ወገቡን ካመመው ወር አልፎታል፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው አጥቶ እንጂ መውጫውን ሲፈልግ ነበር። በተከፈተው ቦታ ላይ አሠልጣኙ ግንበኛውን ጠራው። ግንበኛው እንቢታውን ጀምሮ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን ሦስት ጊዜ እስኪሞላ አልጠበቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጋጭ ሰው አልተገኘም።

ጎመን ሻጯ የሰውየውን ማንነት ስትሰማ አፏን ያዘች። ለሁለት ቀን «እርስዎ» ልትለው ሞከረች፤ በሦስተኛው ቀን ሲሳሳት ቶሎ ልታርመው ስለሚገባት ወደ «አንተ» ተመለሰች። ዳኛው በዚህ ቅር አላለውም። አሠልጣኙም አንደበቱ ተፈታ።

«ሲዘሉ በተረከዝዎ ነው የሚያርፉት። በእግርዎ የፊት በኩል ይረፉ፤ ጉልበትዎንም ትንሽ ያላሉት። የሚያምዎ ለዚህ ነው።»

«ይህን መቼ አወቅህ?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«የሚያውቁት መስሎኝ...» አለና አቋረጠው። «አይ፣ አልመሰለኝም። ፈርቼ ነው።»

ዳኛው በሳምንት አራት ቀን መጣ። አንዳንድ ቀን ግማሹን ሠራ፤ አንዳንድ ቀን ከግማሽ በታች። የመጣበት ቀን ግን አልቀነሰም። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሐኪሟ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አነበበች። ስኳሩ ወርዷል፤ ብዙ አይደለም፤ መድኃኒት ሳይጀምር ለመቆየት ይበቃል። «እንዲሁ ይቀጥሉ» አለችው። በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ አሠልጣኙ ዝለሉ ሲል፣ ዳኛው ሳያስበው ዘለለ። አርባውንም ዘለለ። ከኋላ ስለነበረ ማንም አላየውም።

መምህር ልሳኑ ይህን ጨርሰው ወደ እናኑ ዞሩ።

«አንቺንም ያቆሙሽ ፊት ነው» አሉ። «ይህን ሥራ ስላወቅሽ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ጎበዝ ስለነበርሽ አከበሩሽ። ማክበራቸው ደግ ነው። ግን እዚያ ቆመሽ የምታይው ጀርባ የለሽም። አንቺ ስትሳሳቺ የሚጋጩት ከኋላሽ ያሉት ናቸው፤ እነሱም ይቅርታ ተጠያይቀው አንቺን በርቺ ይሉሻል። በዚህ ሦስት ሳምንት ስንት ጊዜ በርቺ ተባልሽ?»

«ቆጥሬም አልዘልቀው፣ ጋሼ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ስሠራ አንዱን መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል መደብሁት። ሁለቱም ክፍል ተቀምጦ ጠበቀው። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ‹በርቺ› ብሎኝ ወጣ።»

«ድልድል መሥራት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት የለም?»

«ምክትሌ አሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሠርተውታል። እኔንም አስተምረውኛል።»

«ጠየቅሻቸው?»

«እንዴት ብዬ? አለቃቸው ሆኜ?»

«ዳኛው ዳኝነቱን አልጣለም፤ አላውቅም ያለው በዳኛ ድምፁ ነው። አንቺም ከሹመትሽ ውረጂ አላልሁሽም። ሰኞ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሺና የማታውቂውን በስሙ ጠርተሽ አላውቅም በይ። ከዚያ ወንበርሽን አንሥተሽ ምክትልሽ ጎን ተቀመጪ፤ ሲሠሩ እይ። ሁሉን በአንድ ሳምንት ልያዘው አትበይ። ሌላው አርባ ሲቆጥር አንቺ ሃያ ላይ ተንፍሺ፤ በማግስቱ መገኘትሽ ነው ቁም ነገሩ።»

እናኑ፣ «ቢንቁኝስ፣ ጋሼ?» አለች።

«መናቁስ ቀላል ነበር። ያመሰግኑሻል እንጂ አይንቁሽም። እንዴት ያለች ትሑት ናት ይላሉ፤ እጅሽን ይዘው መልሰው ወደ ፊት ይጎትቱሻል። ምስጋናውን አትቀበይ። እውነትሽን መሆኑን እስኪያምኑ ድረስ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። ባመኑሽ ቀን አንቺን ማስተማር ይጀምራሉ።»